አውራ ጣት ያነጣው መርጃን

ሥራ ማቆሜን ሲሰሙ አብዛኞቹ ደንበኞቼ አዘኑ፤ አንዳንዶቹ ግን ተቆጡኝ። «አንቺ ከሄድሽ ማን ይሰካልናል?» ይሉኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ዶቃቸውን ስሰካ አንድ ቀን «ዓይንሽ እንዴት ነው?» ብለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ዓይኔ ደህና አይደለም፤ ስኳር ገብቶበታል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መርፌ ባይዙ ይሻላል» ሲለኝ ልከራከረው ዳድቶኝ ነበር። እኔ ለሥራዬ መርፌ ይዤ አላውቅም። የክሩን ጫፍ በሰም አሽቼ፣ በጣቴ አሹዬ፣ ራሱን ክሩን ነው መርፌ የማደርገው። ግን ክሩ ራሱ ካልታየኝ ምን ያከራክራል ብዬ ተውኩት።

መርካቶ ውስጥ የሠራሁት ሥራ ይህ ነው የሚባል ስም የለውም። የተበጠሰ የአንገት ድሪ፣ የላላ የሙስሊም ሙስበሃ፣ ፍሬ የጎደለበት የክርስቲያን መቁጠሪያ ይመጣልኛል፤ የጎደለውን ሞልቼ፣ የተሰነጠቀውን ቀይሬ፣ እንደገና ሰክቼ እመልሳለሁ። ግብር ሰብሳቢዎቹ «ልዩ ልዩ ጌጣጌጥ» ብለው መዝግበውኛል። ሰዉ «ዘይነባ ዶቃ ሰካቿ» ይለኛል። ሥራው እንጀራ አላሳጣኝም፣ ሕንፃም አላሠራኝም።

ሱቁን መዝጋቱ ቀላል ነበር። ቀፍድዶ የያዘኝ አንድ የመርጃን ድሪ ነው። መርጃን ከባሕር ሥር የሚወጣ ቀይ ጌጥ ነው፤ የወሎ ትልልቅ ሴቶች ከወርቅ እኩል ያዩታል። ያ ድሪ ሥራውን ያስተማሩኝን የጋሼ እንድሪስን መልካም ስም ይዞ ከሱቃችን የወጣ ነው። ስማቸው ሳይመለስ ቁልፉን ለሌላ ሰው ማስረከብ ከበደኝ።

ከደሴ መጥቼ ተክለ ሃይማኖት አክስቴ ዘንድ ስገባ ትምህርቴን ጨርሼ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ የልብስ ቁልፍና ክር በጅምላ የሚሸጡ ጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ሥራዬ ቁልፍ በየመጠኑ መለየት ነበር። እኔ ግን የሚያምረውን ከሚያምረው ጋር እያደረግሁ መደርደሪያውን ሁሉ አበላሸሁባቸው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ እጄን ይዘው ወደ ራጉኤል በኩል ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ወሰዱኝና፣ «እንድሪስ፣ ይችን ልጅ ያዝልኝ። ቁልፍ እያየች ፈዛ ትቀራለች። እኔን ታከስረኛለች፣ አንተን ግን ትጠቅምሃለች» አሉ። እንዲህ ያለ ማባረር ለማንም ይግጠመው።

ጋሼ እንድሪስ የቦረና ሳይንት ሰው ናቸው። አጭር፣ ሽበታቸው የቀደማቸው፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም፤ አንዳችን ስንነሳ አንዳችን መቀመጥ ነበረብን። የመጀመሪያ ቀን አንድ ቀይ ዶቃ ሰጡኝና «ምንድን ነው?» አሉኝ። አገላብጬ አይቼ «ቀይ ዶቃ» አልኩ። «በዓይንሽ ምን አስቸኮለሽ?» ብለው ተቀበሉኝና ፍሬውን ታችኛው ከንፈራቸው ላይ አሳረፉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። «መርጃን ነው። ብርድ ካለበት ነው የመጣው፤ ከሞተም በኋላ ብርዱን አይረሳም» አሉ። እኔም ከንፈሬ ላይ አደረግሁት፤ እውነትም ቀዘቀዘኝ። ፕላስቲክ ሲሆን ከንፈር ላይ ወዲያው ይሞቃል።

ይህች የከንፈር ነገር እስከ ዛሬ አለችብኝ። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የጃኬቴን ቁልፍ ከንፈሬ ላይ አገኘዋለሁ።

«መርጃን ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «የባሕር ዛፍ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ እንጦጦ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ መስሎኝ ለስንት ቀን ቅጠሉ የት እንደሄደ ሳስብ ከረምኩ። ስነግራቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ በተሳሳትኩ ቁጥር «እንጦጦ ሄድሽ?» ይሉኝ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ቋጠሮ ብቻ ነው ያስቋጠሩኝ። በየሁለቱ ፍሬ መካከል አንድ ቋጠሮ ይገባል፤ ክሩ ቢበጠስ አንድ ፍሬ ብቻ እንዲወድቅ። ቋጠሮው ከላላ ፍሬው ይንሿሿል፣ ከጠበቀ ክሩን ይቆርጠዋል። ስጨርስ ይቀበሉኝና ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይነቀንቁታል። ድምፅ ከሰሙ በመቀስ ይበጥሱትና ፍሬዎቹን ጭኔ ላይ ያፈሱልኛል። አልቅሼ አውቃለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺን ግን እኔ ነኝ የማፈስልሽ» ይሉ ነበር። ብዙም አላጽናናኝም።

መሰርሰሩ የእሳቸው ሥራ ነበር። የቅርንጫፉን ቁራጭ ከጠረጴዛው ጋር በሰም አጣብቀው፣ የቀስት መሰርሰሪያውን ወዲህ ወዲያ እየሳቡ፣ በግራ እጃቸው ጠብ ጠብ ውሃ ያደርጉበታል፤ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አለ። ከቀዳዳው የሚወጣው ዱቄት ጨርቁ ላይ ሲደርቅ እያሳዩ «መርጃን ውስጡም ልብሱም አንድ ነው። ዱቄቱ እንዲህ ቀላ ካለ እመኚው» ይሉኛል። ሌሎቹን ፈተናዎች እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩዋቸው፤ ጥርስ ላይ አሽቶ ሻካራነቱን መስማት፣ የሎሚ ጠብታ አድርጎ አረፋ ማውጣቱን ማየት። እነዚህ ብርጭቆና ፕላስቲክ ይለያሉ። ዱቄቱ ግን ሕግ ነበር። ስለዚህ ጋሼ እንድሪስ የተበሳ ዶቃ ገዝተው አያውቁም፤ ጥሬውን ቅርንጫፍ ገዝተው ራሳቸው ይበሳሉ።

ሱቃችን ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ስለነበር የሁለቱም ሰው ደንበኛችን ነው። አንድ ቀን አንድ መሪጌታ የተበጠሰ መቁጠሪያ በመሐረብ ቋጥረው አመጡና «እንድሪስ፣ እንዳታሳስት፣ ፍሬው አርባ አንድ ነው፤ የናንተ ሠላሳ ሦስት አይደለም» አሉ። ጋሼ እንድሪስም «አይስጉ መሪጌታ፤ የተረፈውን ስምንት ለእኔ አድርገው ዱዓ ያድርጉልኝ» አሏቸው። መሪጌታው ወደ ራጉኤል በር እስኪደርሱ እየሳቁ ሲሄዱ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ቀን ደሞዝ ባይኖረውም እሠራው ነበር።

አሁን ወደ ድሪው ልምጣ።

እትዬ ከድጃ ጨርቅ በጅምላ የሚነግዱ፣ ቃላቸው የተፈራ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሰሚራ ልትዳር ሰርጓ ሲቃረብ፣ ከአያታቸው የወረሱትን የመርጃን ድሪ ይዘው መጡ። ያለ ቋጠሮ የተሰካ ስለነበር ተበጥሶ ተበትኖ አምስት ፍሬ ጠፍቷል። ፍሬው ትልልቅ፣ ቀለሙ የበሰለ ቲማቲም የሚመስል ነው። «ሰሚራ ይህን ሳታደርግ ከቤቴ አትወጣም» አሉ።

ያን የሚያህል ጥሬ ቅርንጫፍ በዚያ ሰሞን መርካቶ ጠፋ። ጋሼ እንድሪስ በየተራው ዞሩ፣ ሐረር ድረስ ሰው ላኩ፣ የለም። ሰርጉ ደረሰ። በመጨረሻ አንድ ደላላ ከዱባይ የመጣ ነው ብሎ የተበሱ ፍሬዎች አመጣ። መጠኑ ልክ፣ ቀለሙ ልክ። ጋሼ እንድሪስ ከንፈራቸው ላይ አደረጉት፣ ቀዘቀዘ። ጥርሳቸው ላይ አሹት፣ ሻከረ። ሎሚ ጠብ አደረጉበት፣ አረፋ ደፈቀ። ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ሲያዩ ቆዩና «የሰው ሰርግ ከሚበላሽ» ብለው ገዙት። ሁለታችንም የሰለጠንነው ብርጭቆና ፕላስቲክ ለመያዝ ነበር። እውነተኛ የባሕር ነገር ቀለም ተነክሮ ይመጣል ብሎ ያሰበ በዚያ ተራ አልነበረም።

ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ነበር። ሰሚራ ቬሎ ለብሳ፣ ድሪውን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትገባ፣ እውነቴን ነው፣ የራሴን ቋጠሮ እያየሁ ኮራሁ። ሴቶቹ ድቤ መቱ፣ ጭፈራው ደራ፣ አዳራሹ ሞቀ፣ ልጅቷ ላብ በላብ ሆነች። ድንገት አንዲት ሴት «ደም! ልጅቷ ደማች!» ብላ ጮኸች። ድቤው ቆመ። ከሰሚራ አንገት ቀይ መስመር ወርዶ የቬሎዋን ደረት ይዞታል። እትዬ ከድጃ ሮጠው በሻሻቸው ጠረጓት፤ ቁስል የለም። ሻሹን አዩ፣ ድሪውን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸው በሰዉ ሁሉ መካከል እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ሰሚራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስታለቅስ ያየሁትን አልረሳውም።

በማግስቱ ጠዋት ቬሎውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ድሪውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ሰዉ ሁሉ ቆመ፤ ኩሊዎቹ ሸክማቸውን አውርደው አዳመጡ።

«ጋሼ እንድሪስ፣ እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ! ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ሸጬ አላውቅም። እርስዎ ቀለም የሚለቅ ድንጋይ ልጄ አንገት ላይ አሰሩልኝ!»

ጋሼ እንድሪስ ከአምስቱ አንዱን ፍሬ ከድሪው አውጥተው በሰም ጠረጴዛው ላይ አጣበቁና፣ በሰዉ ፊት፣ ከጠርዙ ላይ ሰረሰሩት። ነጩ ጨርቅ ላይ የወረደው ዱቄት እንደ ጨርቁ ነጭ ነው። ብዙ አዩት። እኔ እሳቸው እንደዚያ ሲያረጁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ተሸውጃለሁ» አሉ። «ሎሚው አልፎ ነበር፣ ከንፈሬም አልፎ ነበር። ዱቄቱን ግን ሳላይ ገዛሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገ ይምጡ፣ እውነተኛው ገብቶ ይጠብቅዎታል።»

እትዬ ከድጃ ሲወጡ ጋሼ እንድሪስን «ከየት ያመጡታል? ከተማው ውስጥ የለም እኮ» አልኳቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሙስበሃቸውን አወጡ። ከአባታቸው የወረሱት፣ አባታቸው ከሐጅ ይዘውት የተመለሱት የመርጃን ሙስበሃ ነው። ፍሬው ከእትዬ ከድጃ ድሪ ፍሬ ጋር አንድ ያክላል፣ ቀለሙም አንድ ነው። መቀሱን አነሱ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ክር ሰም ቀቢ» አሉኝ።

አምስት ፍሬ ከሙስበሃው ወጥቶ ድሪው ላይ ገባ። ከድሪው የወጡት አምስቱ ፎርጅድ ደግሞ ሙስበሃው ላይ ገቡ፤ የተሰረሰረውም ሳይቀር። ሁለቱንም እኔ ሰካኋቸው።

እትዬ ከድጃ በማግስቱ ሲመጡ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶንና ጥጥ ይዘው ነበር፤ ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው። አዲሶቹን ፍሬዎች አንድ በአንድ ጠረጉ፣ ጥጡ ንጹሕ ሆነ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፊታቸውን ሳይ ጭራሽ ጠቆረ።

«ለካ ነበረህ!» አሉ። እርስዎ የሚሉት ሰው በአንድ ሌሊት አንተ ሆነ። «ከተማው ውስጥ የለም ስትለኝ ኦርጅናሉን ደብቀህ ፎርጅዱን ሸጥክልኝ፤ ስጮህብህ ጊዜ አወጣኸው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!»

እኔ አፌን ስከፍት ጋሼ እንድሪስ ክንዴን ያዙኝ። ሴትዮዋ ድሪውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሱቃችንን ረግጠው አያውቁም።

«ለምን አልነገሯቸውም?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በእሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ዶቃዋን መልሻለሁ። ታሪኩን ደግሞ ጨምሬ አልሸጥላትም» አሉ። «አንቺም አትነግሪያትም። ልጇን ያስለቀስኩ ሰው ነኝ።»

ብዙ ሰው ይህን ጨዋነት ይለዋል። እኔ ግን እሳቸውን እንዲህ እየወደድኩ ግማሹን ትዕቢት ነው እላለሁ። መርካቶ ውስጥ ወሬ ከኩሊ ቀድሞ ይደርሳል፤ «ቀለም ለቃቂው እንድሪስ» የሚል ስም ወጣላቸው። የትልልቅ ነጋዴ ሚስቶች ቀሩ። እሳቸውም ጠረጴዛው ላይ የአሴቶን ጠርሙስና ጥጥ አስቀመጡ፤ ማንኛውም ደንበኛ በገዛ እጁ ሳይጠርግ ዕቃ አይሸጡለትም። ተራው ሁሉ ያን ከእሳቸው ተማረ፣ ስማቸውን ግን አልመለሰላቸውም። እትዬ ከድጃን የምትመስል ሴት በበሩ ስታልፍ ቀና ሲሉ አያቸዋለሁ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ሥራቸው ይመልሱ ነበር።

ሙስበሃው ከእጃቸው አይለይም፤ የአላህን ስም እያነሱ ይቆጥሩበታል። መጀመሪያ ሰሞን አምስቱ ፍሬዎች አውራ ጣታቸውን ቀይ ያደርጉት ነበር። ጎረቤታችን ሸማ ነጋዴው «እንድሪስ፣ በፎርጅድ ዶቃ ዚክር ይደርሳል ወይ?» ብሎ ሲቀልድባቸው፣ «ዶቃው አይደለም የሚደርሰው፤ አንተ ዝም ካልከኝ እኔ አደርሰዋለሁ» ይሉታል። በዓመታት ውስጥ ቀዩ ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ደግሞ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ሳየው ሃያ ስምንቱ ፍሬ ቀይ እንደሆነ አምስቱ ነጭ ሆነዋል። አውራ ጣታቸው አጥቧቸዋል። ነጩ ላይ እንደ ቀርከሃ ቀጫጭን መስመር ይታያል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ቡናማ ቀለበት አለበት። እኔ ጠባሳ ነው የመሰለኝ።

ጋሼ እንድሪስ ሲሞቱ ባለቤታቸው ሙስበሃውን ለእኔ ሰጡኝ። ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ስለያዙ ሱቁም በእኔ እጅ ቀረ። ዘመኑ የፕላስቲክ ሆነ፤ በኪሎ የሚሸጥ ዶቃ መጣ፣ ሲበጠስ ከማሰካት አዲስ መግዛት ረከሰ። እኔም አሮጌ ነገር የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ይዤ ቆየሁ። በመጨረሻ ዓይኔ ደከመ።

ዕቃዬን እየሸከፍኩ ሳለሁ ነው ሁለት ሴቶች በሩ ላይ የቆሙት። አንዷ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖረች። ፊቷን ሳልለይ በጣቴ ቋጠሮውን ለየሁት፤ የሰው ቋጠሮ እንደ ሰው ድምፅ ነው። የእኔ ነበር።

«ሰሚራ ነሽ?» አልኩ።

«ነኝ፣ እትዬ ዘይነባ። ይቺ ልጄ ሂባ ናት፤ ልድራት ነው። ክሩ ሳስቷል፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም።» ቀጥላም «እናቴ አታውቅም። የጋሼ እንድሪስ ስም ሲነሳ እስከ ዛሬ ትቆጣለች» አለች።

ደሜ ፈላ። እሳቸው «አትነግሪያትም» ያሉኝ እትዬ ከድጃን ነው፤ ሰሚራን አላሉኝም። መሳቢያውን ሳብኩና ሙስበሃውን ድሪው አጠገብ አደረግሁት።

«ትቆጣ! እስኪ እዪው። ቀዩን ከቀዩ አስተያዪው።»

ሰሚራ ሁለቱን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«አንድ ናቸው። እነዚህ አምስቱ ነጮች…»

«ቬሎሽን ያበላሹት ናቸው። ያንቺን ለራሱ ወስዶ፣ የአባቱን ላንቺ ሰጠሽ። ደብቆ የነበረው ይህን ነው።» ተናድጄ አንተ እንዳልኳቸው ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ሰሚራ አለቀሰች። ሂባ ግን ነጮቹን ይዛ በስልኳ ካሜራ እያጎላች ታያቸዋለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። «እትዬ፣ ይሄ ፎርጅድ አይደለም እኮ» አለች። «ቀለሙ ብቻ ነው ውሸቱ። ይሄ ራሱ የጥልቅ ባሕር ኮራል ነው፤ እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ ያለው። ይቺ ቡናማዋ አንጓው ናት። ውሃው ሲገፋው የሚተጣጠፍባት።»

ጠባሳ ነው ያልኩት መታጠፊያው ኖሯል።

ከዚያ ስልኳን እያየች ነገረችኝ። ዛፍ አይደለም፣ እንስሳ ነው። ፀሐይ ደርሶ በማያውቅበት፣ ውሃው እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝበት ባሕር ሥር፣ ቅርንጫፉን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይቆማል። ቅርንጫፉ ላይ ስምንት ስምንት ክንድ ያላቸው አበባ የሚያካክሉ ጥቃቅን አፎች አሉት፤ ከላይ የሚረግፈውን ፍርፋሪ እየቀለቡ ይኖራሉ። ከጥፍር እድገት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ መቶ ዓመታት የሚኖር አለ። ትልልቅ መረብ የባሕሩን ወለል ሲጎትት ግን በአንድ ጊዜ ይሰብረዋል። ሰዎች ደግሞ አጥንቱን ቆርጠው ቀይ ይነክሩትና እንደ እኛ ላለው ይሸጡታል።

ቪዲዮ አሳየችኝ። እውነቱን ለመናገር ጥቁር ብቻ ነበር የታየኝ። አንድ የብረት እጅ ቅርንጫፉን ነካው አለችኝ፤ ያን ጊዜ በጥቁሩ መካከል ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ብሎ ሲሮጥ እኔም አየሁ። ሲነኩት ያበራል። ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው። «ያ ረቢ» አልኩ። ይህን ነው ያን ሁሉ ዓመት ስንሰድበው የኖርነው። ጋሼ እንድሪስ ይህን ሳያዩ መሞታቸው አንገበገበኝ፤ «ብርዱን አይረሳም» ያሉት እንዴት ትክክል እንደነበር ማን ይንገራቸው?

ሂባ ነጮቹን መዳፏ ላይ አገላበጠች። «በእሜቴ ድሪ ላይ እነዚህን እፈልጋለሁ» አለች፤ አያቷን እሜቴ ነው የምትላቸው።

«አንቺ ልጅ!» አለች ሰሚራ። «በቬሎሽ ላይ? የእኔ አይበቃም?»

«የእሳቸው ወደ ሙስበሃቸው ይመለስ። የእኛ ወደ እኛ። እሜቴም ትስማ።»

ሰሚራ ፈራች፤ እኔም ፈራሁ። ያኔም ፍሬው የከንፈሩንና የሎሚውን ፈተና አልፎ ነበር። ግን እምቢ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

የመጨረሻ ሥራዬ ይህ ሆነ። አምስቱን አሴቶን ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ አወጣሁ፣ ደገምኩ። ሂባ ጥጡን እያየች «ንጹሕ ነው» እስክትለኝ ደጋገምኩት። የተሰረሰረውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ክሩን ሰም ቀብቼ ያለ ዓይን ሰካሁት፤ ፍሬውን በከንፈሬ እየለየሁ፣ ቋጠሮውን በጥፍሬ እየገፋሁ። ባለ አንጓዋን መካከል አደረግኋት። ስጨርስ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅሁት፤ ድምፅ የለውም። መቀስ የሚያነሳብኝ ሰው አለመኖሩ ያን ጊዜ ነው ያስለቀሰኝ። አምስቱን ቀይ ደግሞ ወደ ሙስበሃው መለስኩ።

ሰሚራ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ከድጃ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፤ «ሰርጉ ላይ ይታያል።»

በሰርጉ ቀን ሙስበሃውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ከድጃ አርጅተዋል፣ በሰው ተደግፈው ነው የሚሄዱት። ሲያዩኝ «እሷ አጠገብ አስቀምጡኝ» አሉ። ሰላም ተባባልን። ድቤው ተመታ፣ ጭፈራው ደራ፣ አዳራሹ እንደ ያኔው ሞቀ። እኔ የሚታየኝ አንድ ነጭ ነገር ሲሽከረከር ብቻ ነው። ጩኸት በተሰማ ቁጥር «ደም!» የሚል እንዳይሆን ጆሮዬን አቆም ነበር።

«ነይ ወዲህ» አሉ እትዬ ከድጃ የልጅ ልጃቸውን።

ሂባ እያለከለከች መጣችና አጎነበሰችላቸው፤ የላቧ ሙቀት እኔ ድረስ ተሰማኝ። እትዬ ከድጃ የነጭ ሻሻቸውን ጫፍ ይዘው ከነጮቹ ፍሬዎች ሥር አንገቷን ጠረጉ።

«እትዬ፣ እኔ አይታየኝም» አልኳቸው። «እንዴት ነው?»

እጄን ፈልገው ያዙና ሻሹን መዳፌ ላይ አደረጉት። እርጥብ ነበር።

«ነጭ ነው» አሉ። «ወላሂ፣ ነጭ ነው። ጋሼ እንድሪስን አላህ ይዘንላቸው፤ በድያቸዋለሁ።»

አመንኳቸው።